ስልሳ ሰው በአንድ ቃል

ከሁሉ አስቀድሞ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ሰው ጥፋቱን ከመናዘዙ በፊት ደረጃውን ማስታወቅ አለበት፤ አለበለዚያ ጥፋቱን ያጠፋው ተራ ሰው ይመስላል።

እኔ አምቦ ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በቆርቆሮ ጥላ ውስጥ ተቀምጬ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። ማመልከቻ ጸሐፊ ሲባል የሰማውን የሚገለብጥ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። አንድ ገበሬ መጥቶ ስለ መሬቱ ድንበር፣ ስለ አማቱ ክፋት፣ ስለ ጠፋች ፍየሉና ስለ ጉልበቱ ቁርጥማት በአንድ ትንፋሽ ያወራልኛል። እኔ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ድንበሩን ብቻ መዝዤ በሦስት አንቀጽ አቆምለታለሁ። ፍየሏ ትቀራለች። ሲነበብለት "እኔ እንዲህ ብያለሁ እንዴ?" ይላል። "ብለሃል" እለዋለሁ። ደስ ብሎት ይሄዳል። በዚህ ሙያ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ፤ ዳኞቹ ሲቀያየሩ እኔና ቆርቆሮዬ አልተቀየርንም።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው። ይህን የምነግራችሁ አፍሬ ሳይሆን ኮርቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። አማርኛውን ከናቴ፣ ኦሮምኛውን ከጎረቤት፣ እንግሊዝኛውን ከመድኃኒት ብልቃጥ ላይ፣ ሕጉን ከፍርድ ቤቱ መስኮት ሥር ተማርኩ። የሂሳብ አያያዝን ደግሞ ሽፋን ከሌለው አንድ አሮጌ መጽሐፍ ቀሰምኩ። መጽሐፉ የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ስለተገነጠሉበት መዝገብ እንዴት እንደሚከፈት ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ እንዴት እንደሚዘጋ ግን እስካሁን የነገረኝ የለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሽማግሌ ነኝ። ዕድሜዬን ማለቴ አይደለም፤ ዕድሜን ቁጭ ብሎ የጠበቀ ሁሉ ያገኘዋል። የማስታረቁን ማለቴ ነው፤ እኛ አገር ጃርሱማ የሚባለውን። ከጉደር እስከ ካቺሲ ባልና ሚስት፣ ወንድምና ወንድም፣ ባለ በሬና ባለ ማሳ አስታርቄአለሁ። እኔ የተቀመጥኩበት ሽምግልና ሳይስማማ ተበትኖ አያውቅም፤ እስኪስማሙ አላስነሣቸውምና። አንዳንዶቹ የታረቁት ልባቸው ራርቶ ሳይሆን ሆዳቸው ተርቦ ነው የሚል ወሬ አለ። ምቀኛ መቼ ጠፍቶ ያውቃል።

ሌንሴ ወረቀቷን ይዛ ስትመጣ እንግዲህ ይህን ያህል ሰው ነበርኩ።

ሌንሴ የጎረቤቴ ልጅ ናት። አባቷ ጤና ጣቢያ ይሠራል፤ እሷ ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ በአካውንቲንግ ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመጨረስ አንድ ክንድ ቀርቷት ነበር። ኮሮና አልፎ ሰው እንደገና መጨባበጥ የጀመረበት ዓመት ነው። እጃጂ ያለ አንድ ኮሌጅ "ዲግሪሽን ለሐምሌ ካደረስሽ የመምህርነቱ ቦታ ያንቺ ነው" ብሏታል። ለሐምሌ ለመመረቅ ደግሞ ጥናቷን በግንቦት መጨረሻ ማስረከብ አለባት። ነገሩ ሁሉ በዚህች ቀጭን ክር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ክሩን የያዝኩት እኔ መሆኔ ነው ጣጣው።

"ጥናትሽ ስለ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ስለ ዘላቂነት ሪፖርት ነው ጋሼ።"

"እሱንማ አውቀዋለሁ" አልኩ። አላውቀውም ነበር።

"እስቲ የሚያውቁትን ይንገሩኝ።" ይህች ልጅ ስትስቅ ጥርሷ አይታይም፤ ዓይኗ ብቻ ነው የሚስቀው።

"አንቺ ጀምሪው፤ ስትሳሳቺ አርምሻለሁ።"

ጀመረችው። "ድሮ ፋብሪካ በዓመቱ መጨረሻ የሚያሳውቀው ትርፍና ኪሳራውን ነበር። አሁን ግን ውሃውን ምን እንዳደረገ፣ ዝቃጩን የት እንደደፋ፣ ከጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደሚኖር ጽፎ ያወጣል። እኔ የምጠይቀው የተጻፈውና መሬት ላይ ያለው አንድ ነው ወይ ብዬ ነው።"

የማርመው አጣሁ። በልቤ ግን ድሮ ፋብሪካ የሚያወጣው ጢስ ብቻ ነበር፣ ዛሬ ሪፖርትም ያወጣል፣ ሁለቱም ወደ ላይ ነው የሚሄዱት ብዬ አሰብኩ። ይህችን አባባሌን ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ፤ ሁሉም ወዶልኛል።

የምታጠናው ጉደር አጠገብ ያለ የኑግ ዘይት ፋብሪካ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የኔን ጥፋት ለሱ፣ የሱን ለኔ ማሸከም አልፈልግም። ሪፖርቱን አሳየችኝ። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ነው። ሽፋኑ ላይ ቅጠል፣ ቀጥሎ ጤዛ ያረፈበት ሌላ ቅጠል፣ ከዚያ ወንዛችን ውስጥ ታይቶ የማያውቅ ዓሣ አለበት። መጨረሻው ላይ "የአካባቢው ማህበረሰብ በፋብሪካው ደስተኛ ነው" ይላል። ሌንሴ ይህንን ለመመርመር ከፋብሪካው በታች ባለው መንደር ስልሳ ሰው ትጠይቃለች። ለእያንዳንዱ አንድ ቅጽ፣ በቅጹ አሥራ ስምንት ጥያቄ፣ በጥያቄው ፊት ከ"በጣም አልስማማም" እስከ "በጣም እስማማለሁ" አምስት ሳጥን። አንዱ ሳጥን ላይ ምልክት ይደረጋል፤ በቃ።

ከኔ የፈለገችው ቀላል ነገር ነበር። የመንደሩን የዕድር ሰብሳቢ ኦቦ ፈይሳን ስለማውቀው ይዣት ሄጄ እንዳስተዋውቃት ብቻ። ነገር ግን የምንሄድበት ሳምንት ታይፎይድ ጣላት። አልጋ ላይ ሆና ቅጾቹን ትቆጥራለች፤ ቀኑን ትቆጥራለች። አላስቻለኝም።

"አምጪው" አልኩ። "አንቺ ተኚ። እኔ እሄዳለሁ።"

"ጋሼ፣ ይከብድዎታል።"

"ማመልከቻ የጻፍኩላቸው ሰዎች በሰልፍ ቢቆሙ ከዚህ እጃጂ ይደርሳሉ። ስልሳ ሰው ይከብደኛል?"

ቅጾቹን አቀበለችኝ። "እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ አደራ። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ነው የሚጠየቀው። አንዱ የሌላውን ሳይሰማ።"

"ልጄ፣ ሰው ማናገርን ለኔ ልታስተምሪ ነው?"

"ኧረ አይደለም ጋሼ..."

"ቶሌ፣ ቶሌ" አልኳት፤ እሺ በቃ፣ ማለቴ ነው። ቅጾቹን በብብቴ አድርጌ ወጣሁ።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን ቀን እንዳለችው ነው ያደረግሁት። ጉደር ወርጄ መንደሩ ገባሁና አንደኛውን በር አንኳኳሁ። ባለቤቱ ሰላምታውን ሲጨርስ ፀሐይዋ ትንሽ ፈቀቅ ብላለች። እኔ እንዴት እንደሆንኩ፣ ልጆቼ እንዴት እንደሆኑ፣ ከብቶቼ እንዴት እንደሆኑ ጠየቀኝ። ከብት የለኝም፤ ግን ደህና ናቸው አልኩ። ከዚያ ከጥያቄዎቼ አንዱን አነበብኩለት።

"ፋብሪካው ስለሚጠቀመው ውሃ ለነዋሪው መረጃ ይሰጣል?"

"ዋቀዮ ይመስገን" አለኝ።

"መረጃ ይሰጣል ወይ ነው።"

"ደህና ነን። ምን ጎደለን? ይልቅ እርጎ ቅመስ።"

ቀመስኩ። በሁለተኛው ቤት ጨጨብሳ፣ በሦስተኛው ገንፎ፣ በገንፎው ላይ ደግሞ እርጎ። እምቢ ማለት አይቻልም፤ በኛ አገር የቤትን እህል ገፍቶ ጥያቄ የሚጠይቅ ቀረጥ ሰብሳቢ ብቻ ነው። አራተኛው ቤት ደጃፍ ላይ ስደርስ ጎንበስ ብሎ መግባት አቃተኝና ቆሜ ተመለስኩ። በእጄ ሦስት ቅጽ ነበር። በሚኒባሱ ውስጥ ቀበቶዬን ፈትቼ ማስላት ጀመርኩ። ስልሳ ቅጽ ሃያ ቀን ይፈጃል። ቀኑስ ይገኝ ይሆናል፤ ሃያ ሆድ ከየት ይመጣል?

ያኔ ነው ዕውቀቴ የከዳኝ። ወይም ዕውቀቴ እጅግ የበዛው። የሠላሳ ዓመት ሽማግሌ ሆኜ፣ መንደር አንድ ላይ በዛፍ ሥር ተቀምጦ ተወያይቶ አንድ ቃል ማውጣት እየቻለ፣ በየቤቱ እየዞርኩ ስልሳ ቃል የምለቅመው ምን ሆኜ ነው? የተማሩት ልጆች ይህንን ስለማያውቁ ነው የሚደክሙት ብዬ ሳቅሁ። ለሌንሴ አዘንኩላት። ይኸው፣ እኔ ለእሷ አዘንኩላት።

በእሁዱ ከቤተ ክርስቲያንም ከጸሎት ቤትም መልስ የዕድሩ ስብሰባ ነበር። ኦቦ ፈይሳን አስፈቀድኩ። በትልቁ ዋንዛ ሥር ሴቱም ወንዱም ተቀመጠ፤ ከስልሳ በላይ ነበሩ፤ ደስ አለኝ። የኦቦ ፈይሳ ልጅ ፋብሪካው ውስጥ ይሠራልና ወሬው እዚያ ደርሶ የፋብሪካው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ አቶ ጌቱ የሚባለውም በፒካፕ መጣ። ፒካፑ ላይ ፋጉሎ ጭኗል፤ ኑጉ ተጨምቆ ሲያልቅ የሚቀረውን፣ ከብት የሚወደውን። "ለዕድሩ ስጦታ ነው፣ እኔ አልረብሻችሁም፣ ጥግ እቀመጣለሁ" አለ። ጥጉ መሀል ላይ ነበር።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ወደ ኦሮምኛ ተርጉሜ፣ ትንሽም አሳምሬ አቀረብኩ። "ፋብሪካው ወደ ወንዙ የሚለቀው ውሃ ንጹህ ነው?"

ኦቦ ፈይሳ "ንጹህ ነው" አለ። ልጁ እዚያ የሚሠራ ሁሉ "ኤዬ፣ ኤዬ" እያለ አዎንታውን ሰጠ። ልክ ልጽፍ ስል አዴ ድንቄ ተነሣች። አዴ ድንቄ ከመንደሩ ታች፣ ወንዙ ዳር የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አንዲት ላም አለቻት።

"ላኪ" አለች፤ አይደለም ማለት ነው። "ንጹህ አይደለም። ቅባት ይዞ ነው የሚወርደው፤ ይሸታል። እናንተ ቧንቧ ትከፍታላችሁ። የኔ ላም ቧንቧ መክፈት አትችልም። ከዚያ ጠጥታ ጨነገፈች።"

"ላምሽ ድሮም ከሲታ ነበረች!" አለ አንዱ ከኋላ።

"ያንተም ሚስት ከሲታ ነበረች፤ ማን ምን አለህ?"

ዕድሩ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ጌቱ ግን አልሳቀም፤ ስልኩን እያየ ላቡን ጠረገ። ኦቦ ፈይሳ እጁን አነሣ። "ድንቄ፣ ልጆቻችን እዚያ ነው የሚሠሩት። የቤታችንን ነገር በቤታችን እንጨርሰው። የሰው አገር ወረቀት ፊት ሁለት ሆነን አንታይ።"

ያን ጊዜ ሁሉም ወደኔ ዞረ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ቅጹን አውጥታችሁ ለአዴ ድንቄ አንዱን ሳጥን፣ ለሌላው ሌላውን ሳጥን ምልክት ታደርጋላችሁ። ዕድሜ ልኩን የተጣላ ያስታረቀ ሰው ግን ሁለት ዓይነት መልስ ሲያይ መልስ አይታየውም፤ ጠብ ነው የሚታየው። ብዕሬን ኪሴ ከትቼ፣ ጋቢዬን አስተካክዬ፣ ሽምግልና ተቀመጥኩ።

ሁለት ሰዓት ፈጀ። እንደዚያን ቀን አምሮልኝ ተናግሬ አላውቅም። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" አልኳቸው። ያሰርነው አንበሳ እንዳልነበረ አሁን ነው የገባኝ። አዴ ድንቄ መጀመሪያ ተከራከረች፣ ቀጥሎ ዝም አለች፣ ቀጥሎ የላሟ መታለቢያ ሰዓት ደረሰባት። አቶ ጌቱ ሁለት ከረጢት ፋጉሎ ለእሷ ለብቻዋ እንዲሰጣት አስማማሁ። "ለላሚቱ ካሣ ሳይሆን ለወዳጅነት ነው" አለ፤ ካሣ የሚባለው ቃል አልተስማማውም። እሷም በመጨረሻ "ሽማግሌ ካለ ይሁን" አለች። ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ ነው ያለችው። እርጥብ ሳር ይዤ ቆምኩና መረቅሁ። ሁሉም አሜን አለ፤ እሷም አለች። አቶ ጌቱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣኝ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እንደ ውሃ ፈሰሰ። አሥራ ሰባቱ ጥያቄዎች በግማሽ ሰዓት አለቁ። ፋብሪካው ነዋሪውን ያማክራል? በጣም እስማማለሁ። ያወጣውን ሪፖርት አይታችኋል? ማንም አላየውም፤ ቢሆንም በጣም እስማማለሁ። ስልሳውንም ቅጽ በራሴ እጅ ሞላሁ። መጻፍ የሚችሉም ነበሩ፤ ግን የኔን የእጅ ጽሑፍ ያየ ሰው የነሱን አያስመኘውም። በየቤቱ የሞላኋቸውን ሦስቱንም ከሌላው እንዳይለዩ ብዬ በአዲስ ገለበጥኳቸው።

ሌንሴ ትራስ ተደግፋ ቅጾቹን ተቀበለችኝ።

"ሁሉንም? በአንድ ቀን?"

"በአንድ ቀን።"

"ጋሼ፣ የሁሉም ጽሑፍ አንድ ነው እኮ።"

"ለንባብ እንዲመችሽ ነው።"

ትኩሳቱ ገና አልለቀቃትም ነበር፤ ብዙ አልጠየቀችም። እጄን ይዛ ሳመችው። ያንን አሳሳም ሳስበው አሁን እጄን የማደርግበት አጣለሁ።

በሳምንቱ ላፕቶፗን ታቅፋ ወደ ቆርቆሮ ጥላዬ መጣች። ከስታለች። ባለጉዳዮቹን ገፍታ ከፊቴ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ አልሠራም አለ።"

"አሠሪው። ከገበያው በላይ አንድ ጎበዝ አለ።"

"ኮምፒውተሩ ደህና ነው። መልሱ ነው እምቢ ያለው።" አዞረችልኝ። ከላይ እስከ ታች አምስት፣ አምስት፣ አምስት፤ አምስተኛው ሳጥን፣ በጣም እስማማለሁ የሚለው። ከግራ እስከ ቀኝ አምስት። እኩል እንደበቀለ የጤፍ ማሳ።

"ያምራል" አልኩ። ከልቤ ነው።

"አያምርም ጋሼ። ልዩነት ከሌለ የሚሰላ ነገር የለም። ይህ ስልሳ ሰው አይደለም፤ አንድ ሰው ስልሳ ጊዜ ነው።"

"ያ አንዱ ሰው ማን ነው?"

ቀና ብላ አየችኝና ላፕቶፗን ዘጋች። የሠፈራችን ልጆች አስተዳደጋቸው ጥሩ ነው።

ተናደድኩ። አንድ ማሽን ስምምነትን እንደ ጉድለት ሲቆጥር ዝም ብዬ አላይም። በማግስቱ ኮቴን ለብሼ፣ ሳልነግራት፣ አማካሪዋ ቢሮ ገባሁ። ዶክተር ነው፤ ከመጨረሻ ልጄ ያንሳል። ከወንበሩ ተነሥቶ አስቀመጠኝ። ስለ ሽምግልና፣ ስለ አንድነት፣ ስለ ሀገር ወግ ረጅም ነገር ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረና፦

"አባቴ፣ ትልቅ ሽማግሌ መሆንዎ ይታያል" አለኝ። "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ከማስማማትዎ በፊት ሌላ ያለ ሰው ነበር?"

"አንዲት ሴት ነበረች።"

"ምን አለች?"

ነገርኩት። ስለ ቧንቧውና ስለ ላሚቱ። ፈገግ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም።

"አዩ አባቴ፣ የሌንሴ ጥናት ማለት እሷ ነበረች" አለኝ። ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር። "ጊዜ ገና አለ። በየቤቱ እንደገና ይጠየቅ። በአሥራ አምስት ቀን ይደርሳል።"

ይደርስ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ይደርስ ነበር።

ከቢሮው በቀጥታ ጉደር ወረድኩ። አዴ ድንቄ በረቷን እየጠረገች አገኘኋት። አዲስ ቅጽ አውጥቼ "በፊት ያልሽውን እንደገና በይልኝ" አልኳት። መጥረጊያዋን ተደግፋ አየችኝ።

"አባ ወረቀት፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሊያደርጉኝ ነው የመጡት?"

"እውነቱን እንድትናገሪ።"

"እሱንማ ተናግሬ ነበር። ሳር ይዘው የመረቁኝ እርስዎ ነዎት። ሽማግሌ ፊት አሜን ብያለሁ። ፋጉሎውን ላሜ በልታለች። አሁን ቃሌን ከላሜ ሆድ ሊያወጡት ነው?"

"ወረቀት ነው እንጂ መሐላ አይደለም።"

"ለእርስዎ ወረቀት ነው። እኔ እዚህ ነው የምኖረው። እርቅ አፈረሰች ከተባልኩ ነገ ቤቴ ቢቃጠል ማን ውሃ ይዞ ይመጣል? ያሰሩኝ እርስዎ ነዎት። ዕድሩ ፊት ቆመው ይፍቱኝ፤ ያኔ የፈለጉትን ይጠይቁኝ።"

ሌሎቹም ያው ነበሩ። "ተስማምተናል እኮ" ይላሉ። እኔ ያሰርኩት ቋጠሮ እንዲህ የሚጠብቅ አልመሰለኝም ነበር። ሥራዬ ጥሩ ነው፤ ችግሩ እሱ ነው።

መፍቻው አንድ ነበር። በግንቦት የዕድሩ ስብሰባ ላይ ቆሜ "ያስማማኋችሁ ተሳስቼ ነው" ማለት። ሦስት ቃል ናት። ሌንሴ አብራኝ ልትመጣ ጠየቀች፤ "አንቺ አርፊ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ" አልኳት። ሄድኩ። ቆምኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ኦቦ ፈይሳ "እስቲ ሽማግሌያችንን እንስማ" አለ። ሽማግሌያችን ሲለኝ ሦስቱ ቃላት ወደ ሆዴ ተመለሱ። በነሱ ፋንታ ስለ ሕብረት ጥቅም ግማሽ ሰዓት ተናገርኩ። ተጨበጨበልኝ። አዴ ድንቄ ብቻ ሳታጨበጭብ ነጠላዋን አራግፋ ተነሥታ ሄደች።

ሌንሴ በር ላይ ጠበቀችኝ። "እንዴት ሆነ ጋሼ?"

"በሚቀጥለው ወር ብለውኛል" አልኳት። ማንም ምንም አላለኝም ነበር።

የግንቦት መጨረሻ መጣና ሄደ። በሐምሌ ጓደኞቿ ጋዋን ለብሰው ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት እየጮሁ ሲያልፉ፣ እኔ ለአንድ ሰው የውርስ ማመልከቻ እየጻፍኩ ሁለት ጊዜ ስም ተሳሳትኩ። የእጃጂው ቦታ ለሌላ ተሰጠ። አባቷ ጠዋት ጠዋት እንደወትሮው ሰላም ይለኛል። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

በነሐሴ ሌንሴ አዲሱን የፋብሪካውን ሪፖርት ይዛልኝ መጣች። አንዱን ገጽ ገልጣ ጭኔ ላይ አኖረችው። እርጥብ ሳር የያዘ፣ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ገጹን ሞልቶታል። ከሥሩ "የተጠየቁት ነዋሪዎች በሙሉ በአንድ ቃል እርካታቸውን ገልጸዋል" ይላል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ያየሁት ጋቢዬ እንዴት እንዳማረ ነው።

"ጋሼ" አለች፣ ድምጿን ሳታነሣ። "እኔ ይህ ሪፖርት እውነት መሆኑን ላጣራ ነበር የላክሁዎት። እርስዎ ውስጡ ገቡ።"

  ሄደች። እኔም ያን ቀን ጥላዬን ቀድሜ ዘጋሁ።

በመስከረም ስብሰባ፣ ሳልጠራ ቆምኩ። ኮትም ጋቢም አልለበስኩም። "አዴ ድንቄን ያስማማኋት አፏን ዘግቼ ነው። ተሳስቻለሁ። ከቃሏ ፈትቻታለሁ፤ እናንተንም ፈትቻችኋለሁ" አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም።

ኦቦ ፈይሳ ከመቀመጫው ተነሣ። "ሽማግሌ እርቅ ያፈርሳል እንዴ? ሰምተንም አናውቅ!"

"ዛሬ ሰማችሁ" አልኩት።

ጉርምርምታው ሲነሣ አዴ ድንቄ ከሴቶቹ መሀል "መፈታቱን ተቀብያለሁ" አለች። "ፋጉሎውን ግን አልመልስም።"

ሳቅ ሆነ። ኦቦ ፈይሳም ሳይወድ ሳቀ። በሳቅ ነው ያለፈልኝ፤ በይቅርታ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ከጉደር ለሽምግልና የጠራኝ የለም።

ሌንሴ ስልሳዎቹን ራሷ ጠየቀች። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በየቤቱ፣ አንድ በአንድ፣ እርጎውንም እየጠጣች። ሰው ፊቴን ስለሚያውቅ በር በር ላይ ሰላም ብዬ አስተዋውቃትና እወጣለሁ፤ ከተፈቀደልኝ ይኸው ነበር። ጥናቷን በዓመቱ አስረከበች፤ አለፈች። ቋሚ ሥራ አላገኘችም፤ እዚያም እዚህም በሰዓት ታስተምራለች። ሲሆንላት ያልፍላታል፤ እኔ ባልነካው ኖሮ ግን ያኔውኑ አልፎላት ነበር።

እንግዲህ በዚህ ጉዳይ የቻልኩትን ልቁጠርላችሁ፤ የሠራሁትን የማስቀር ሰው አይደለሁም።

ስልሳ ቅጽ በአንድ ቀን፣ ያለ ስርዝ ድልዝ ሞልቻለሁ።

አንዲትን ሴት ከፋብሪካ ጋር አስታርቄ ካየችው ነገር ጋር አጣልቻለሁ።

በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ወጥቻለሁ። ከኛ ቀበሌ እስካሁን የወጣነው እኔና አንድ ዓሣ ብቻ ነን።

ከአንዲት ልጅ ላይ አንድ ዓመትና አንድ ወንበር ወስጃለሁ፤ የት እንዳኖርኳቸው አላውቅም፤ ልመልስላት አልቻልኩም።

ዶክተር ፊት ተከራክሬ ተሸንፌአለሁ።

"ተሳስቻለሁ" ብያለሁ። በሁለቱም ቋንቋ። አራት ወር ዘግይቼ።

እርቅ አፍርሻለሁ፤ ይህን የሚችል ሽማግሌ ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ሌንሴ አዴ ድንቄን ስትጠይቅ፣ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቆይቻለሁ። ረጅም ጊዜ ነበር። የሁለቱ ድምፅ ይመጣል፤ ቃሉ አይለይም። ተነሥቼ አልተጠጋሁም። ሲወጡ ምን እንደመለሰች አልጠየቅሁም፤ እስከ ዛሬም አላውቅም።